የአስታማሚው በርጩማ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን አንዲት ነገር አልጨመርኩበትም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ። ሰዓቱ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የመርካቶ ጩኸት ጣሪያ የሚነካበት፣ በሽተኛ ጠያቂው ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ የሚገባ የሚወጣበት ሰዓት።

ቦታው ከመሳለሚያ ወደ ገበያው ሲወረድ፣ ከቆርቆሮ ሱቆች ጀርባ የነበረች የካቶሊክ ሲስተሮች ክሊኒክ ናት። ዛሬ የለችም።

ሲስተሮቹ በየክፍለ ሀገሩ ትልልቅ ሆስፒታሎች ነበሯቸው። መድኃኒቱ ከዚያ ይመጣል፤ ጠና ያለ በሽተኛም ወደዚያ ይላካል። የመርካቶዋ ክሊኒክ ግን ትንሽ ናት። አንድ የወንዶች ክፍል፣ አንድ የሴቶች ክፍል። እዚያ የሚተኙት አብዛኞቹ ሰው የሌላቸው ነበሩ። ኩሊ፣ ሊስትሮ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር መጥታ ዘመዷን ያጣች ሴት። ክርስቲያን ነህ እስላም ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በሲስተሮቹ ቤት ሁሉ፣ እዚህም በክፍለ ሀገርም፣ አንድ የማይዛነፍ ሥርዓት ነበረ።

በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ አንድ በርጩማ አለ። የአስታማሚ በርጩማ ነው። አስታማሚው እስካለ ድረስ ተቀምጦበታል። አስታማሚ ከሌለ ግን... ወይም ውሃ ለመቅዳት እንኳ ብድግ ካለ... በርጩማው ይገለበጣል። እግሩ ወደ ላይ።

የተገለበጠ በርጩማ ያየ ሁሉ "ይሄኛው ሰው የለውም" ብሎ ያውቃል። ከገበያው ሴቶች አንዷ ጎራ ስትል በርጩማውን መልሳ ታቆምና ትቀመጣለች። ሾርባ ታጠጣለች፣ ታጫውታለች። ከሁሉም የምትታወቀው ሰአዳ ነበረች። በርበሬ ተራ የምትነግድ፣ ሰውነቷ ሰፊ፣ ሳቋ ከበር የሚሰማ ሴት።

ሰገነት የክሊኒኳ ነርስ ነበረች። እናትና አባቷ ሞተዋል፤ በዓለም ላይ ያለቻት ታናሽ እህቷ ወርቅዬ ብቻ ናት። ሰገነት ነገር ታስተውላለች። የትኛው በሽተኛ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ የማን ብርድ ልብስ ከማን ጋር እንደተለዋወጠ ገና ከበር ስትገባ ታውቃለች። ያለ ምክንያት የሚሠራ ነገር አትወድም።

ያ የተገለበጠ በርጩማ ደግሞ አይጥማትም ነበር። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ወደ ላይ የቆመው እግር የሰው ቀሚስ ይይዛል። አንድ ቀን ሰአዳን ከነሾርባዋ ዘረራት።

"ወይኔ ጉዴ!" አለች ሰአዳ መሬት ላይ እንደተቀመጠች። "እኔ የመጣሁት ላስታምም ነው ልተኛ? ቶሎ አልጋ ስጡኝ!"

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሰገነት አልሳቀችም።

የክሊኒኳ ኃላፊ ሲስተር አመተ ሥላሴ በዚያ ሰሞን ክፍለ ሀገር ወዳለው ሆስፒታላቸው ሄደው ነበር። ሰገነት አሰበችበትና የተሻለ ዘዴ አወጣች። በርጩማዎቹን ሁሉ መልሳ አቆመቻቸው። ሰው ለሌለው በሽተኛ ምልክት እንዲሆን ደግሞ አልጋው ግርጌ ላይ ነጭ ፋሻ አሰረች።

አማረ። ማንም አይደናቀፍም።

ከዚያ ነው የጀመረው።

የመጀመሪያው ቶላ ነው። ኩሊ ነበር። የሳንባ ምች ይዞት ጓደኞቹ በጀርባቸው አዝለው አምጥተው ጥለውት ወደ ሥራቸው ሄዱ። አልጋው ላይ ፋሻ ታሰረ።

በማግስቱ ከሰዓት ሰገነት ትኩሳቱን ልትለካ መጣች። ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርግ...

እግሩ ታጥቧል።

ሲመጣ ተረከዙ በጭቃና በንቃቃት ተሞልቶ ነበር። አሁን ጥፍሩ ሥር እንኳ አፈር የለም። ቅባት ተቀብቷል።

"ማን አጠበህ ቶላ?"

"እቴቴ ናት" አለ ፈገግ ብሎ።

"የቷ እቴቴ?"

"እዚህ የምትቀመጠው ናታ።"

ሰገነት በርጩማውን አየችው። ባዶ ነው። ከገበያ የመጣች ሴት እንደሆነች አሰበች። ወደ ጎን ልትገፋው እጇን አሳረፈችበት።

ይሞቃል።

ሰው ብዙ ሰዓት ተቀምጦበት፣ አሁን አሁን የተነሣ ያህል ይሞቃል። እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ መርፌ ስታዘጋጅ ነበር። የወጣ ሰው አላየችም።

በሚቀጥለው ቀን፣ በዚያው የጥየቃ ሰዓት፣ የቶላ አልጋ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል። እሷ ራሷ እንኳ እንደዚያ አታነጥፍም።

ወደ በሩ ሮጠች። ዘበኛው ጋሽ ዱባለ ካፖርታቸውን ደርበው ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ዱባለ፣ ቶላ ወጣ እንዴ?"

"ወጣ። ከእናቱ ጋር።"

"እናት የለውም እኮ!"

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ? ሴትዮዋ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። አንዴ እንኳ አላሳለውም።"

"እንዴት ዝም ይሏቸዋል?"

"የእኔ ሥራ የሚገባውን መጠበቅ ነው። የሚወጣውንማ ቀበሌ ይጠብቀው!" ብለው ሊስቁ ጀመሩና... ተዉት።

"ምነው?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ትልቅ ሴት ናት። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ተከናንባለች፣ ፊቷን አላየሁትም። ብድግ ብዬ 'ኖር' አልኳት... 'በእግዜር' አላለችኝም። ዝናቡ ደግሞ ይወርድ ነበር። ነጠላዋ ግን..."

"ነጠላዋ ምን?"

"ደረቅ ነው። ተይኝ እስቲ፣ አርጅቻለሁ።"

ሁለተኛዋ አበራሽ ናት። ከገጠር ልጇን ፍለጋ መጥታ፣ ልጇን ሳታገኝ በሽታ ያገኛት ሴት። ፀጉሯ ተያይዞ ማበጠሪያ አልገባ ብሎ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ሹሩባ ተሠርታ ተገኘች። ስስ፣ የተስተካከለ ሹሩባ።

"እንዴት ያምራል! ማን ሠራሽ?" አለች ሰገነት።

"እቴቴ ናታ! እጇ እኮ አያምም።"

ሰገነት ሹሩባውን ቀረብ ብላ አየችው። አንድም የወጣ ፀጉር የለም። ትራሱ ላይም፣ ወለሉ ላይም... አንዲት የተነቀለች ፀጉር የለችም።

"ምን አለችሽ?"

"ነገ ቤታችን እንሄዳለን አለችኝ።"

"ቤታችሁ የት ነው?"

አበራሽ ብዙ አሰበች። ከዚያ ግራ በገባው ፊት ሰገነትን አየቻት።

"አልጠየቅኋትም" አለች።

በማግስቱ አበራሽ አልነበረችም።

ልብ በሉ፤ ያ ዘመን ሰው የሚጠፋበት ዘመን ነበር። ትናንት የነበረ ሰው ዛሬ ሲታጣ "የት ሄደ?" ብሎ የሚጠይቅ ራሱ ይጠየቃል። ስለዚህ ማንም አልጠየቀ። በሽተኞቹ የተነጠፈውን አልጋ እያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሰገነትም ዝም አለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ... ወርቅዬ እስክትመጣ ድረስ።

ወርቅዬ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ነበር የምትሠራው። የስፌት መኪናው ላይ እንዳለች ወድቃ አመጧት። ታይፎይድ ነው። ትኩሳቷ እንደ ምድጃ ያቃጥላል። ሰገነት በገዛ እጇ አስተኛቻት።

"ሰጊ፣ አትሂጂ..."

"እዚሁ ነኝ። ሰአዳ አጠገብሽ ትቀመጣለች።"

ሰአዳም ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ግን የቀበሌ ስብሰባ ነበረባት። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሱቁ ይታሸጋል።

"ሄጄ ስሜን አስመዝግቤ እመለሳለሁ" አለች። "እስክመለስ እንዳትለቂያት።"

ሰገነት ልትቀመጥ ስትል በቃሬዛ ሰው ገባ። ከፎቅ ሥራ የወደቀ የቀን ሠራተኛ ነው። ደሙ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ሌላ ነርስ የለም። ሮጠች።

ስትመለስ ወርቅዬ ፀጥ ብላ ተኝታለች።

ከንፈሯ ርሷል። ሲደርቅና ሲሰነጠቅ የዋለው ከንፈሯ ቅባት ተቀብቷል። ግንባሯ ላይ የታጠፈ እርጥብ ጨርቅ አለ።

የክሊኒኳ ጨርቅ አይደለም።

ሰገነት እጇን ወደ በርጩማው ሰደደች። ከመንካቷ በፊት አወቀችው።

ይሞቃል...

"ወርቅዬ። ወርቅዬ! ማን ነበር እዚህ?"

ወርቅዬ ዐይኗን ገለጠች። ፊቷ ላይ ከእናታቸው ሞት ወዲህ ሰገነት ያላየችው ሰላም ነበረ።

"እቴቴ። ነገ ቤታችን እንሄዳለን አለችኝ።"

ሲስተር አመተ ሥላሴ ከክፍለ ሀገር የተመለሱት በዚያው ምሽት ላይ ነው፣ ገና ሳይጨልም። ሻንጣቸውን እንደያዙ ወደ ሴቶቹ ክፍል ገቡ። በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

የቆሙትን ባዶ በርጩማዎች አንድ በአንድ አዩ።

ሻንጣው ከእጃቸው ወደቀ።

"ማን ነው ያቆማቸው?"

"እኔ ነኝ ሲስተር። ሰው ይጥል ስለነበር..."

"ስንት ሰው ሄደ?" አሉ በሹክሹክታ።

"ሞተ" አላሉም። "ሄደ" ነው ያሉት።

"ሁለት። አሁን ደግሞ እህቴን... ነገ አለቻት።"

ሲስተር መጀመሪያ ያደረጉት መናገር አይደለም። በየአልጋው እየዞሩ ባዶዎቹን በርጩማዎች ገለበጡ። ከዚያ ሰገነትን ወደ ጥግ ወሰዷት።

"ምልክት ነው ብለሽ ነበር አይደል? አስታማሚ ለመጥራት።"

"አይደለም እንዴ?"

"እንዳትቀመጥበት ነው።"

"ማን?"

"አላውቅም። በትልቁ ሆስፒታላችንም ትመጣለች። ሥራውን ያስረከቡኝ አሮጊት ሲስተር 'ባዶ በርጩማ አታቁሚ፣ ሰው የሌለውን ትፈልጋለች' ብቻ ነው ያሉኝ።"

"ክፉ ናት?"

"በደንብ ታስታምማለች" አሉ ሲስተር። "ግን የወሰደችውን አንዱንም ተመልሶ አላየነውም።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ትስቂ ነበር። ሥርዓት ነው ካልንሽ ግን ሳትጠይቂ ትጠብቂዋለሽ ብለን ነው።"

ሰገነት ወደ እህቷ አልጋ አየች። "በርጩማውን ብገለብጠውስ?"

"አንዴ ከተቀመጠችበት መገልበጥ አይበቃም። አንቺ ተቀመጪበት። ልጅቷ እስክትድን ባዶ እንዳይሆን። ማንም ቢመጣ እንዳትነሺ።"

ሰገነት ተቀመጠች።

ሰአዳ ከስብሰባው ስትመለስ ሁሉን ነገሯት። ሳቋ ጠፋ። አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ጫማዋን አወለቀች። እየተፈራረቁ ተቀመጡ። ሲቀያየሩ በርጩማው ለቅጽበት እንኳ ባዶ እንዳይሆን ግማሽ በግማሽ እየተገፋፉ ነበር።

"ጠጋ በይ እንጂ" ትላለች ሰአዳ። "ይሄ በርጩማ ለኔ መቀመጫ መቼ በቃ! ለአንቺ የት አባቱ ቦታ ሊተርፍ?"

ሰገነት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እንባዋ ግን አብሮ መጣ።

በማግስቱ ሰዓቱ ደረሰ። ጠያቂዎች ገቡ። ምሳ ዕቃ ይንኳኳል፣ ከውጭ የኩሊዎቹ ጩኸት ይሰማል። ሰአዳ ሱቋን አየት አድርጋ ልትመለስ ሄዳለች። በርጩማው ላይ ያለችው ሰገነት ናት።

ድንገት ከኋላዋ ያለው ጫጫታ ቀነሰ። የጠፋ አይደለም... አንድ ሰው በመሐል ገብቶ የጋረደው ያህል ነው።

አንገቷ ላይ ሙቀት ተሰማት።

የሆነ ሰው ከጀርባዋ ቆሟል።

አልነካትም። አልተናገራትም። ወንበር እስኪለቀቅለት እንደሚጠብቅ ሰው፣ በጨዋ ደንብ፣ ዝም ብሎ ቆሟል። የሳሙናና የአዲስ ጥጥ ሽታ አለው። ደስ የሚል ሽታ። ሰገነትን ከሁሉ ያስፈራት ደስ ማለቱ ነው።

የወርቅዬ ዐይን ከሰገነት ትከሻ በላይ ተሰቅሏል። ፈገግ አለች።

"ሰጊ..."

"ዝም በይ። እኔን እይኝ።"

"ሰጊ፣ ኖር በያት እንጂ። ቆማለች እኮ።"

ሰገነት ጥርሷን ነከሰች።

"ትልቅ ሰው ናት። ነውር ነው" አለች ወርቅዬ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር አበሻ ለሆነ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ትልቅ ሰው ከኋላህ ቆሞ መቀመጥ ሰውነት አይችለውም። ከልጅነት ጀምሮ ጉልበት የተማረው ነው። አእምሮዋ "እንዳትነሺ" እያለ ጉልበቷ በራሱ ተንቀሳቀሰ። ተረከዟ መሬቱን ገፋ። ከበርጩማው ላይ ከፍ ስትል ተሰማት... ትንሽ ነው... የወረቀት ያህል...

በዚያች ክፍተት የሆነ ነገር ከሥሯ ሊገባ ሞከረ።

ሙቀት። እንደ ሰው ጭን ያለ ሙቀት።

ሰገነት የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ አንቃ ያዘችና ቁጭ አለች። በሙሉ ክብደቷ።

ሙቀቱ ሸሸ።

ቀስ በቀስ የክፍሉ ጫጫታ ተመለሰ። የወርቅዬ ፈገግታ ደበዘዘ። ዐይኗ አንድን የሚሄድ ሰው እስከ በሩ ተከተለ።

"ተቀየመች" አለች ወርቅዬ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ወይም ሰገነት አልተሰማትም። ትኩሳቱ ቀስ እያለ ወረደ። ወርቅዬ አጥሚት ጠየቀች፣ ከዚያ እንጀራ ጠየቀች፣ ከዚያ ከሰአዳ ጋር መሳሳቅ ጀመረች። ስለ እቴቴ ሲነሳባት አታስታውስም። "ቃዠሁ እንዴ?" ትላለች።

ወደ ቤት የምትሄድበት ቀን ፀሐይ ወጣ። ሲስተር አመተ ሥላሴ በር ድረስ ሸኟቸው። ሰአዳ ወርቅዬን ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋ፣ "ሁለተኛ እንዳትታመሚ፣ ወገቤ አልቋል!" አለቻት። ጋሽ ዱባለም ከካፖርታቸው ውስጥ ሳቁ።

ሲስተር ግን ሰገነትን አዩዋት።

"ፊትሽ ገርጥቷል። አንቺስ ደህና ነሽ?"

"ድካም ነው ሲስተር።"

ድካም መስሏት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ራሷን ይወቅራታል። በዚያ ፀሐይ ላይ ይበርዳታል። ነርስ ናት፤ ታይፎይድ እንዴት እንደሚጀምር ታውቃለች። ግን እህቷ በሕይወት ወጥታለች። ሌላውን ነገር ነገ አስበዋለሁ ብላ ተወችው።

ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ወደ ታክሲው፣ በገበያው መሐል ወረዱ። ሰው በሰው ላይ ነው። በግፊያው መሐል እንዳይጠፋፉ ሰገነት እጇን ዘረጋች፣ እጅ አገኘች፣ አጥብቃ ያዘች።

"ዞር በል! ዞር በል! ጭነት ነው!"

ኩሊዎች ፍራሽ ተሸክመው በመሐል ሰንጥቀው አለፉ። ሰገነት ዐይኗን ጨፍና ግፊያው እስኪያልፍ ቆመች። ራሷ ይዞርባታል። የያዘችው እጅ ግን አልለቀቃትም። እግዚአብሔር ይመስገን አለች በልቧ።

ዐይኗን ገለጠች።

ወርቅዬ ከፊቷ ናት። ራቅ ብላለች፣ ከጨርቅ ሱቆቹ ዘንድ። የልብስ ጥቅልሏን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋለች። ዞር ብላ በሰው ራስ ላይ ተጣራች፤

"ሰጊ! ምነው ቀረሽ? ነዪ እንጂ!"

በሁለት እጇ...

ሰገነት ወደ ጎኗ ለማየት አልደፈረችም።

እጁ ለስላሳ ነው። ይሞቃል። አውራ ጣቱ የእጇን ጀርባ ቀስ ብሎ ያሻሽ ነበር፣ የታመመ ሰው እንደሚያባብል።

ከዚያ ወደ ሌላኛው መንገድ፣ በቀስታ፣ ሳብ አደረጋት።